ብሩን በኪሳቸው ይዘው ለምን በስልክ ይከፍላሉ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ ጠብሼ የምሸጥ እናት ነኝ። ወጣት ደንበኞቼ ብር በኪሳቸው እያለ «እማማ፣ ቴሌብር አለዎት?» ይሉኛል። ሰሞነኛ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ዓመታት ቢያልፉም ግን አልተዉትም። ለምንድን ነው?

መልስ፦ እናታችን፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እንደ እርስዎ ያሰቡ ብዙዎች ነበሩ። ሰውን የሚያስጀምረውና የሚያስቀጥለው ምክንያት ግን አንድ አይደለም። አኖል ባታቸርጂ የተባሉ ምሁር በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ተጠቃሚ የሚቀጥለው አገልግሎቱ አስቀድሞ የጠበቀውን ያህል ሆኖ ሲያገኘውና ጥቅሙን ሲያየው ነው።

ይህንን ከፔዳ (ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ወደ ገበያ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ማየት ይቻላል። ተማሪው መቶ ብር ሲያወጣ ሾፌሩ «ዝርዝር የለኝም» ይላል፤ ሱቅ ሲገባም በመልሱ ፈንታ ማስቲካ ይሰጠዋል። በስልክ ሲከፍል ግን ሒሳቡ እስከ ሳንቲሙ ልክ ስለሚሆን ጭቅጭቁ ይቀራል። ከዚህም የሚበልጥ፣ ብዙ ጊዜ የማይነገር ምክንያት አለ፦ ቤተሰብ ከደብረ ታቦር ወይም ከሞጣ የሚልክለት ገንዘብ የሚደርሰው በስልኩ ነው። ጥሬ ብር ለማድረግ ወኪል መፈለግና የአገልግሎት ክፍያ መክፈል ስላለበት፣ ገንዘቡ በገባበት መንገድ ቢወጣ ይቀልለዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ መተግበሪያውን መክፈት ቢቸግርም፣ የቴሌብር አጭር ቁጥር *127# ዳታ ስለማይፈልግ ነገሩ ጨርሶ አልተዘጋም።

ምክንያቱ ሁሉ ግን በጎ ነው አልልም። በ2014 ዓ.ም. የመጣውን «እንደኪሴ»ን የመሰለ፣ ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላ ብድር፣ በእጁ የሌለውን ገንዘብ ለማውጣት የሚደፋፈር ወጣትንም ያስቀጥላል።

እርስዎም ቢጀምሩ፣ ደንበኛው በራሱ ስልክ የሚያሳየውን መልእክት ብቻ አይመኑ፤ የተጭበረበረ ሊሆን ይችላልና ከ127 ወደ እርስዎ ስልክ የሚገባውን አይተው ዓሣውን ይስጡ። ደንበኛው በስልኩ ካሜራ አንብቦ የሚከፍልበትን የኪው አር ወረቀት ደግሞ ከመጥበሻው ራቅ አድርገው ይስቀሉት፤ ዘይት የጠጣ ወረቀትን ካሜራ በቀላሉ አያነበውም።