ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ቁልቁለት ላይ የማይመታ ብርድ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 49 ነው። የደብረ ብርሃን ነዋሪና የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። በወጣትነቴ ብስክሌት ነፍሴ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ክብደቴ ሲጨምር ያገለገለ ማውንቴን ገዝቼ እንደገና ጀመርኩ፤ ሁለት ወር ሆነኝ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እወጣለሁ። ችግሬ የአገራችን ብርድ ነው። ዳገት ስይዝ መሀል ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። ቆም ብዬ ሳርፍ ይለቀኛል። ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ምንም አይለኝም። ግራ እጄም ይደነዝዛል፤ እሱ እንኳን መሪውን አጥብቄ ስለምይዝ ይመስለኛል። ካርቶን ደረቴ ላይ ሸጉጬ ሞከርኩ፤ ብዙም አልረዳኝ። ጨጓራም ሊሆን ይችላል ብዬ ኦሜፕራዞል ወሰድኩ፤ ለብርዱ ደግሞ ዳይክሎፌናክ። ከሁለት ዓመት በፊት ደም ብዛት አለብህ ተብዬ ክኒን ጀምሬ ነበር፤ ሲሻለኝ ተውኩት። ጥያቄዬ፣ ለደረት የቆዳ ጃኬት ይሻላል ወይስ የስፖርት? ጓንትስ? ቀለል ያለ ኮርሳ ብገዛ ዳገቱ ይቀለኝ ይሆን? ኮርቻውም መቀመጫዬን ያሳምመኛል። ታላቅ ወንድሜ አምና በ52 ዓመቱ አጨዳ ላይ እያለ ወድቆ በዚያው አረፈ። እሱንም ብርድ መትቶት ነው ተብሏል።

መልስ፦ ጃኬቱን ቆይተን እናየዋለን።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ከታች ወደ ላይ። ከታች ሲጀምሩት ሌላ ደብዳቤ ነው። የወንድምዎን ሞት መጨረሻ ላይ፣ ከኮርቻው ቀጥሎ፣ በሁለት መስመር አስቀምጠውታል። ነፍሳቸውን ይማር። የጠየቁኝ ስለ ጃኬት ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳዎት ግን እሱ ይመስለኛል። «እኔም እንደ ወንድሜ እሆን ይሆን?»

መጀመሪያ ትንሽ ይረጋጉ። ሕመምዎ ዳገት ላይ መጥቶ፣ ሲያርፉ የሚሄድ ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ጊዜ ይሰጣል። ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ በሽታ ነው፤ መድኃኒትም አለው። ምንም ሳያስጠነቅቅ ከሚመጣው ይሻላል።

አሁን ደግሞ ጠንከር ልበል። በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም። ነገር ግን በሥራ ጊዜ መጥቶ በዕረፍት የሚለቅ የመሀል ደረት ጭምደዳን፣ በ49 ዓመት ሰው፣ ያውም ደም ብዛት ያለበትና ወንድሙ ከ55 ዓመት በታች ድንገት ያረፈበት ከሆነ፣ ሐኪም የሆነ ሁሉ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የልብ ነው ብሎ ይይዘዋል። አንጃይና እንለዋለን። እስኪመረመሩ ድረስ ዳገት የለም። ደረትዎን እስካልያዘዎት ድረስ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ በእግር መሄድ ይችላሉ። ብስክሌቱ ግን ግድግዳ ተደግፎ ይቆይ።

ወደ ብርዱ እንምጣ። እኔም ደብረ ብርሃን ሠርቻለሁ። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ኅዳር ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሲያድር አይቻለሁ። ጋቢ ደርቤ ተኝቼ አፍንጫዬ ሲቀዘቅዝ አድሯል። ብርዱን አልክድም። ግን እኛ ዘንድ ብርድ የማይከሰስበት ነገር የለም። ወገብ ቢያም ብርድ፣ ፊት ቢጣመም ብርድ፣ ሆድ ቢነፋ ብርድ፣ ደህና የዋለ ሰው ድንገት ወድቆ ቢቀርም ብርድ። ምስኪን ብርድ፣ ጠበቃ የለው!

እስቲ የጻፉልኝን አብረን እንየው። ጠዋት ዳገቱን የሚወጡት በቀስታ ነው፤ በእግሩ ከሚሄድ ሰው ብዙም አይፈጥኑም። ላብ በላብ ነዎት። ሲመለሱ ግን ቁልቁለቱን በሰዓት 30 እና 40 ኪሎ ሜትር ይወርዱታል። ላቡ ሳይደርቅ ንፋሱ ደረትዎን ይገርፈዋል። ዓይንዎ ያነባል፤ ጣትዎ ፍሬን መያዝ እስኪያቅተው ይደርቃል። ብርድ ደረት የሚመታ ቢሆን መምታት ያለበት ያኔ አልነበረም? እርስዎ ግን «ቁልቁለቱ ላይ ምንም አይለኝም» ነው ያሉኝ። ዳገት እየመረጠ የሚመታ ብርድ እኔ አላውቅም። ዳገት የሚለየው ልብ ነው።

ልብ ለመላው ሰውነት ደም ትረጫለች። እሷ ራሷ የምትመገበው ግን በላይዋ ላይ በሚሄዱ ቀጫጭን ደም ስሮች ነው። በዕድሜ፣ በደም ብዛት፣ በስኳር፣ በሲጋራ፣ በኮሌስትሮል የተነሳ እነዚህ ስሮች ከውስጥ በስብ ይጠባሉ። ቢሮ ተቀምጠው የሚያልፈው ደም ይበቃል። ዳገት ሲይዙ ሥራዋ ይበዛና ተጨማሪ ደም ትፈልጋለች፤ በጠበበው በኩል ግን አይደርስላትም። ያኔ ትጮኻለች። ሲቆሙ ፍላጎቷ ይቀንስና ዝም ትላለች። ነዳጅ ማጣሪያው የተደፈነ ባጃጅ አይተው ያውቃሉ? ሜዳው ላይ ደህና ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ይንተፋተፋል። ሾፌሩ ብርድ መታት ብሎ ብርድ ልብስ አያለብሳትም። ወደ ጋራዥ ነው የሚወስዳት።

ብርድ ጭራሽ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ሲበርደን የቆዳችን ደም ስሮች ይኮማተራሉ፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ልብም ያንን እየገፋች ትሠራለች። ስለዚህ የልቡ ስር የጠበበበት ሰው በቀዝቃዛ ጠዋት ሕመሙ ቶሎ ይመጣበታል። ብርዱ ያፋጥነዋል እንጂ አልፈጠረውም። ሰው ግን እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፀሐይ ወጥታ ሲነዳ ቀለል ይለውና «አላልኳችሁም፣ ብርድ ነው!» ብሎ ሌላ ስድስት ወር ይቆያል።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ አባት በቃሬዛ መጡልን። ሸሚዛቸውን ስንከፍት ደረታቸው ላይ ሦስት የዋግምት ክቦች አየን፤ ገና ትኩስ ናቸው። አረቄ አረቄ ይሸታሉ፤ ለብርዱ ተብሎ ነው የተሰጣቸው። አፍንጫቸው ሥር ዳማከሴ ታሽቷል። ደረታቸውን ከያዛቸው ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ «ብርድ መስሎን» ይላል፤ ደግሞ ይላል። ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ስናነሳቸው የልባቸው ጡንቻ ሰፊ ቦታ ተጎድቷል። በማግስቱ አረፉ። ልጁን አልተቆጣሁትም። መንደሩ ሁሉ ያለውን ነው ያለው።

እርስዎን ግን እቆጣለሁ። ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው የጻፉ ሰው ከቤትዎ ሆስፒታሉ ድረስ መሄድ አያቅትዎትም ነበር።

ዳይክሎፌናኩን ዛሬውኑ ያቁሙ። የጡንቻና የመገጣጠሚያ ማስታገሻ ነው እንጂ የብርድ መድኃኒት የሚባል ነገር አይደለም። ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ጨጓራ ያቆስላል። የልብ ስሩ ለጠበበበት ሰው ደግሞ የሃርት አታክ አደጋን ያበዛል። ደረቴን አመመኝ ብለው የልብን ጠላት ነው የዋጡት። ኦሜፕራዞሉ እንኳ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ ጊዜ መብላቱ ነው። ቃር ጠግበው ሲተኙ፣ ጎንበስ ሲሉ ይመጣል። ፔዳል ሲመቱ መጥቶ ሲያርፉ የሚሄድ አይደለም።

የደም ብዛቱ ክኒን ደግሞ «ሲሻለኝ ተውኩት»! ምኑ ነው የተሻለዎት? ደም ብዛት እኮ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ልኬቱ የወረደው ክኒኑን ስለዋጡት ነው። ይህን ቃል በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ አሁንም አልለመድኩትም። ብቻ አሁን ደንግጠው የድሮውን ክኒን ከመሳቢያ አውጥተው እንዳይጀምሩ። መጀመሪያ ይለኩ፤ የሚያዝልዎትም የሚያይዎት ሐኪም ነው።

አንድ ነገር በደንብ ይያዙልኝ። ሕመሙ ተቀምጠው ሳሉ ከመጣ፣ ከእንቅልፍ ካነቃዎት፣ ድሮ በማይመጣበት ትንሽ ሥራ መምጣት ከጀመረ፣ ወይም ቆመው አርፈው 10 ደቂቃ ሞልቶት ካልለቀቀ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጊዜ አልፏል። ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ሕመሙ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ ከሄደም እንደዚያው ነው። 907 ደውለው የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ፤ ካልተገኘ ባገኙት መኪና ይሂዱ። ሻይ አፍሉልኝ የለም፣ እሹኝ የለም፣ ትንሽ ልተኛና ልየው የለም። ይህን ለባለቤትዎም ያንብቡላቸው። ያኔ የሚወስነው አጠገብዎ ያለው ሰው ነው።

ሆስፒታል ሲሄዱ ግፊት፣ የጾም ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ኩላሊት ይታያል፤ ኢሲጂም ይነሳሉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ተኝተው የሚነሱት ኢሲጂ አንጃይና ያለበት ሰው ላይም ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ልብ በዚያ ሰዓት አርፋለቻ። ስለዚህ «ኢሲጂህ ደህና ነው» ሲባሉ ደስ ብሎዎት እንዳይወጡ። የዳገቱን ነገር ልክ ለእኔ እንደጻፉት ይንገሩ፤ የወንድምዎንም፣ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ። አስፈላጊ ከሆነ የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል፤ እየሠሩ ልብዎ የሚታይበት ምርመራም አለ፤ ለእሱ አዲስ አበባ ሊልክዎት ይችላል። ብዙው ሰው በክኒን ይስተካከላል፤ አንዳንዱ የጠበበው ስር በቀጭን ቱቦ ይከፈትለታል። ከዚያ በኋላ ወደ ብስክሌታቸው የተመለሱ ብዙ ናቸው። እርስዎም ይመለሳሉ ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ጃኬቱ። ካርቶኑ ሞኝነት አይደለም፤ ንፋስ ይከለክላል። አውሮፓ ውስጥ ተራራ የሚወጡ የድሮ ተወዳዳሪዎች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ጋዜጣ ደረታቸው ውስጥ ይሸጉጡ ነበር። ግን ቆዳም ሆነ ካርቶን ላቡን ያፍነዋል። ከውስጥ ቀጭን የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ንፋስ የማያሳልፍ ቀላል ጃኬት ይሻላል። ጥጥ ላቡን ጠጥቶ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል። ባና የሚሠራ የመንዝ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። አፍንጫና አፍዎን በሻርፕ ይሸፍኑ።

ጓንት ለብርዱ ይግዙ። ለድንዛዜው ግን አይደለም። ከመሪው የሚመጣ ድንዛዜ አብዛኛውን ጊዜ ትንሿንና የቀለበት ጣትን ይይዛል፤ ሜዳ ላይም፣ ቀኝ እጅ ላይም ይመጣል። የእርስዎ ከደረቱ ጋር መጥቶ ከደረቱ ጋር የሚሄድ ከሆነ መሪው ንጹሕ ነው።

ኮርሳ አይግዙ። ቀጭን ጎማው ለኮረኮንች አይሆንም፤ ማርሹም ለዳገት ይከብዳል። የማውንቴኑ ማርሽ ከፊት ትንሹ፣ ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ሲደረግ እግር በቀላሉ ይዞራል። በነገራችን ላይ፣ ዳገቱ የከበደዎት በብስክሌቱ ክብደት ቢሆን ኖሮ የሚቃጠለው ጭንዎ ነበር።

የመቀመጫው ሕመም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነገር ነው፤ ይለምዱታል። ወፍራም እንደ ሶፋ የሆነ ኮርቻ አያታልልዎ፤ ሰውነት ይሰምጥበትና ይብሳል። ተረከዝዎ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ካለ ከፍታው ልክ ነው። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበትዎን ከፊት፣ ከፍ ካለ ከኋላ ያምዎታል። ብልት አካባቢ ከደነዘዘ የኮርቻውን አፍንጫ በትንሹ ዝቅ ያድርጉ፤ በየመሀሉም ብድግ ይበሉ። ወንድነት ያጠፋል እየተባለ የሚወራውን ይተዉት።

ገንዘብ ካለዎት ከጃኬቱ በፊት ሄልሜት ይግዙ። ያገለገለ ብስክሌት ስለሆነ የፍሬኑን ላስቲክ ያስቀይሩ። ጠዋት ጉም ስላለም ከኋላ ቀይ መብራት አይቅር።

ሐኪሙ ሲፈቅድልዎ ደግሞ ረፋድ ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይጀምሩ። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ በቀስታ ያሟሙቁ። እየነዱ አጠገብዎ ካለ ሰው ጋር ማውራት ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። ቀስ በቀስ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ይድረሱ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው ቢያንስ የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ በሳምንት 150 ደቂቃ።

ነገ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ይሂዱ፤ ለስኳሩ ምርመራ ነው። የድሮውን ክኒን ማሸጊያና የዳይክሎፌናኩንም ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ይያቸው። ታዲያ «በዚያው ስፖርት ይሆነኛል» ብለው በብስክሌት እንዳይሄዱ። ባጃጅ ይያዙ።