ዳታችሁን ወደ ጋራ ስቶሬጅ ልታዛውሩ ለተነሣችሁ ወጣቶች

ብዙዎቻችሁ የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት ዛሬ ወይም ነገ አንድ ውሳኔ ላይ ይደርሳል፦ በየሰርቨሩ ዲስክ ተበታትኖ ያለው ዳታ ይሰብሰብና በኔትወርክ ላይ ወዳለ የጋራ ስቶሬጅ ይግባ። ውሳኔው ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። የአንዱ ሰርቨር ዲስክ ሞልቶ ሲያስጨንቅ የጎረቤቱ ግማሹ ባዶ ነው። ባክአፕ ለመውሰድ በየማሽኑ መዞር ያሰለቻል። ማዘርቦርድ ሲቃጠል ዳታው ደኅና ሆኖ ሳለ ሥራ ይቆማል። ሥራው ለእናንተ ሲሰጥ ግን ሐሳባችሁ የት ላይ መሆን እንዳለበት ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ጀማሪ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው በኮፒው ነው፦ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በምን ትእዛዝ ይገለበጣል? ኮፒው ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ጥያቄ፣ ዳታው ከሰርቨሩ ከወጣ በኋላ መስመሩ ቢቋረጥ ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

ዲስኩ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ሳለ ሁለቱ አብረው ይወድቃሉ፣ አብረው ይነሣሉ። ሲለያዩ ግን ሰርቨሩ እየሠራ ዳታው የማይገኝበት ሰዓት ይመጣል። በኔትወርክ ላይ ፋይል ለማጋራት የሚያገለግለውን ኤንኤፍኤስን እንውሰድ። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ካወጣው ጊዜ ጀምሮ ስንቱ መሥሪያ ቤት ሲጠቀምበት ኖሯል። ማውንት ስታደርጉት፣ ማለትም ስቶሬጁን ከሰርቨሩ ፎልደር ጋር ስታገናኙት፣ ሃርድ ወይም ሶፍት ብላችሁ ትመርጣላችሁ። በሃርድ ከሆነ ስቶሬጁ ሲጠፋ ፕሮግራሙ እስኪመለስ ድረስ ደርቆ ይጠብቃል። በሶፍት ከሆነ የተወሰነ ጊዜ ይሞክርና ስሕተት ይመልሳል። ሠራተኛው «ሲስተሙ ደረቀ» ብሎ ሲጮኽ፣ አለቃም ሲቆጣ፣ ወደ ሶፍት መቀየር ያጓጓል። አታድርጉት። ብዙ ፕሮግራሞች የተመለሰላቸውን ስሕተት በአግባቡ አያዩትም፤ ፋይሉ በግማሽ ተጽፎ ይቀርና ጉዳቱ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። የደረቀ ፕሮግራም ያናድዳል፣ ዳታውን ግን አያበላሽም። ፖስትግረስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ መመሪያ፣ ዳታቤዙን ኤንኤፍኤስ ላይ ለሚያስቀምጥ ሰው ጥብቅ ብሎ የሚያስቀምጠው መስፈርት ይኸው ሃርድ መሆኑ ነው። ኤስኪውላይት የተባለውን በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ ግን በኔትወርክ ፋይል ሲስተም ላይ ባታስቀምጡት ይሻላል፤ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ እንዳይጽፉ የሚከለክለው የፋይል መቆለፊያ እዚያ ላይ አስተማማኝ እንዳልሆነ ራሳቸው አዘጋጆቹ ያስጠነቅቃሉ።

አሁን ወደ እኛው አገር ሰርቨር ሩም ልውሰዳችሁ። መብራት ይሄዳል፣ ዩፒኤሱ ይደክማል፣ ጄኔሬተሩ ይዘገያል። መብራት ሲመለስ ሁሉም በአንዴ ይነሣል። ሰርቨሩ ቶሎ ይነሣል፤ ስቶሬጁ ዲስኮቹን አንድ በአንድ እየፈተሸ ይዘገያል። ሰርቨሩ ስቶሬጁን ሲፈልግ ያጣዋል፣ ያልፈዋል። ማውንት የሚደረግበት ፎልደር ግን እዚያው ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ባዶውን አለ። ፕሮግራሙ ፎልደሩን አገኘ፣ ምንም ሳይጠረጥር መጻፍ ጀመረ። ጠዋት ሠራተኛው ይመጣና «የትናንቱ ሰነድ የለም» ይላል፤ አዲስ ሰነድ ግን እያስገባ ይቀጥላል። እኩለ ቀን ላይ አንድ ቴክኒሻን ነገሩ ገብቶት ስቶሬጁን ማውንት ያደርጋል። የትናንቱ ተመለሰ። የጠዋቱ ደግሞ ጠፋ፣ ምክንያቱም ማውንቱ ከላይ መጥቶ ሸፈነው። እንዲህ ያለ ቀን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሁለቱን ግማሽ ቀን ሰነድ አንድ በአንድ እያስተያዩ ማጣመር ምን ያህል እንደሚያደክም ልነግራችሁ አልችልም።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን አስቀድሞ መደረግ አለበት። ስቶሬጁ ማውንት ሳይደረግ ባዶውን ፎልደር ቻትር (chattr) በሚለው ትእዛዝ ቆልፉት፤ ያኔ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) እንኳ ሊጽፍበት አይችልም፣ ፕሮግራሙም ወዲያው ይጮኻል። ሊኑክስ ሲነሣ አገልግሎቶችን በሚያስነሣው ሲስተምዲ ላይ፣ አገልግሎቱ ያለ ማውንቱ እንዳይነሣ እሰሩት። የአነሣሥ ቅደም ተከተሉን፣ መጀመሪያ ስዊቹ፣ ቀጥሎ ስቶሬጁ፣ በመጨረሻ ሰርቨሮቹ ብላችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ የሰርቨሮቹ መደርደሪያ (ራኩ) በር ላይ ለጥፉት፤ ሲጠፋ በግልባጩ። ሌሊት የሚጠራው ተረኛ እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።

ሌላው ሰው የማያስተውለው የተጠቃሚ ቁጥር ነው። ሊኑክስ የፋይል ባለቤትን የሚያውቀው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ ኤንኤፍኤስም በተለመደው አሠራሩ የሚያስተላልፈው ቁጥሩን ነው። በአንዱ ሰርቨር 1001 የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት፤ በሌላው 1001 የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ነው። ዳታው አንድ ቦታ የተሰበሰበ ዕለት የደመወዝ ፋይሉን የንብረት ክፍሉ ሰው ከፍቶ ያነበዋል፣ ማንም ምንም ሳይሰብር። ስለዚህ ከማዛወራችሁ በፊት የሁሉንም ሰርቨር የተጠቃሚ ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጡና ቁጥሮቹን አስታርቁ፤ ብትችሉ ከአንድ ማእከላዊ ማውጫ ይምጡ። እግረ መንገዳችሁን፣ ኤንኤፍኤስ ከሩቅ የመጣን ሩት እንደ ተራ እንግዳ እንደሚቆጥር አትርሱ። በሩት ስትገለብጡ ባለቤትነት አልቀየር ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጥበቃውን ለኮፒው ሰዓት ብቻ አንሡት፣ ስትጨርሱ መልሱት።

በኤንኤፍኤስ ፈንታ አይስካዚን ከመረጣችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ስቶሬጁ የሚሰጣችሁ ፋይል ሳይሆን ጥሬ ዲስክ ነው። ያንን አንድ ዲስክ በኢኤክስቲ4 ወይም በኤክስኤፍኤስ ፎርማት አድርጋችሁ ሁለት ሰርቨሮች ላይ በአንድ ጊዜ ብትከፍቱት ዳታችሁ ይበላሻል። ሁለቱ ሰርቨሮች አንዳቸው የሌላቸውን ጽሑፍ አያውቁም። ለዚያ የተሠሩ እንደ ጂኤፍኤስ2 ያሉ ፋይል ሲስተሞች አሉ፤ ካልሆነ አንድ ዲስክ ለአንድ ሰርቨር።

ኮፒውን በአጭሩ ልበል። 1 ጊጋቢት መስመር በወረቀት ላይ በሴኮንድ 125 ሜጋባይት ነው፤ በተግባር 110 አካባቢ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። 4 ቴራባይት በዚህ ፍጥነት 10 ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ያውም ፋይሎቹ ትልልቅ ከሆኑ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ስካን የተደረጉ ሰነዶች ከሆኑ ብዙ ይዘገያል። ስለዚህ አርሲንክ የተባለውን የመገልበጫ ትእዛዝ ሥራው ሳይቆም አስቀድማችሁ አስኪዱ፣ ደግማችሁ አስኪዱ፣ የመጨረሻውን ዙር ብቻ አገልግሎቱን አቁማችሁ ጨርሱ። የአርሲንክ ትንሹ «ኤ» (-a) ሁሉን የሚገለብጥ ይመስላል፤ ሃርድ ሊንክን (ለአንድ ፋይል የተሰጠ ሌላ ስም)፣ ኤሲኤልንና (ዝርዝር የተጠቃሚ ፈቃድ) ተጨማሪ አትሪቢዩቶችን ግን ይተዋል፤ ትልቁን ኤች፣ ትልቁን ኤ እና ትልቁን ኤክስ (-H -A -X) ጨምሩበት። እየሠራ ያለ ዳታቤዝ ፋይሉን በመገልበጥ አይዛወርም፤ ወይ አቁሙት፣ ወይ በራሱ መሣሪያ አውጡት። ቀኑንም አስቡበት። የበጀት ዓመት በሚዘጋበት በሰኔ ሒሳብ ክፍልን ለአንድ ሌሊት እንኳ ማቋረጥ አግባብ አይደለም። አለቃ «ዛሬውኑ ይለቅ» ቢልም በትሕትና ምክንያቱን አስረዱ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ተብሏል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ባክአፕ ነው። ቀድሞ አንድ ዲስክ ሲሞት የአንድ ክፍል ሥራ ይጎዳ ነበር። አሁን የመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ዳታ በአንድ ሣጥን ውስጥ ገብቷል። ሬይድ (ዳታውን በብዙ ዲስኮች ላይ የሚያስቀምጥ አሠራር) አንድ ዲስክ ሲሞት ያድናችኋል፤ አንድ ሰው በስሕተት ከሰረዘው፣ ቫይረስ ከቆለፈው ወይም ሣጥኑ ራሱ ከተቃጠለ አያድናችሁም። ስናፕሾትም (የዳታው የአንድ ቅጽበት ምስል) እዚያው ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ለስቶሬጅ ግዥ በጀት ሲያዝ የባክአፑ በጀት አብሮ ካልተያዘ ዝም አትበሉ፤ በደብዳቤ ጠይቁ፣ መልሱንም በደብዳቤ ተቀበሉ። ባክአፑ ከሌላ ክፍል፣ ቢቻል ከሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። መልሳችሁም ሞክሩት፦ ጥቂት ፎልደሮች በባዶ ማሽን ላይ አውርዱና የፋይሉ ባለቤት ራሱ ከፍቶ ይይ።

የድሮዎቹን ዲስኮች አዛውራችሁ እንደጨረሳችሁ ባዶ አታድርጓቸው። ለንባብ ብቻ አድርጋችሁ ቢያንስ አንድ የወር ሒሳብ መዝጊያ እስኪያልፍ አቆዩአቸው፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ፋይል መጉደሉ የሚታወቀው ያኔ ነው። ጊዜው ሲደርስም ከማጥፋታችሁ በፊት የየክፍሉ ኃላፊ ዳታው መሟላቱን አይቶ ይፈርምላችሁ።