ናንዲግራም ላይ ተሸንፎ ሥልጣን ላይ መቆየት?

ጥያቄ፦ ማማታ ባነርጂ እ.ኤ.አ. በ2021 ናንዲግራም በተባለው የምርጫ ወረዳ ተሸንፈው እንዴት የሕንዷ ምዕራብ ቤንጋል ግዛት ዋና ሚኒስትር ሆነው ቀጠሉ?

መልስ፦ ፓርቲያቸው በግዛቱ ምርጫ አሸንፎ ነበር፣ ሕጉም ይፈቅዳል። ሕንድ ውስጥ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ሚኒስትርም ሆነ ዋና ሚኒስትር መሆን ይችላል፤ ግን በ6 ወር ውስጥ መመረጥ አለበት። እሳቸውም ባባኒፑር በተባለ ሌላ ወረዳ ማሟያ ምርጫ በ58,835 ድምፅ ልዩነት አሸነፉ።

ናንዲግራም ግን የዋዛ ወረዳ አይደለም! በ2007 መሬታችን ለኬሚካል ፋብሪካ አይወሰድም ባሉ ገበሬዎች ላይ ፖሊስ ተኩሶ 14 ሰው ገደለ። በ2009 ማሟያ ምርጫ ልጃቸው የተገደለባቸው ፊሮጃ ቢቢ በማማታ ፓርቲ ተወዳድረው ወንበሩን ያኔ ግዛቱን ይገዙ ከነበሩት የግራ ፓርቲዎች ነጠቁ፣ በ2011ም ደገሙት። ለእኔ የወረዳው ትልቁ ምርጫ የ2009ኙ ነው። በ2016 ሱቬንዱ አዲካሪ ለዚያው ፓርቲ አሸነፉ፤ ኋላ ወደ ተቀናቃኙ ፓርቲ ቢጄፒ ተሻግረው በ2021 የቀድሞ አለቃቸውን ማማታን በ1,956 ድምፅ ረቷቸው።