በር ቁጠሩ፦ ስለ አሜሪካ ፓርኮች ዓመታዊ ካርድ ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ላስ ቬጋስ ውስጥ 11 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ የሚላከው እኔ ዘንድ ስለነበር የእረፍት ቀኔ የሚያልቀው ዛዮንና ግራንድ ካንየን የሚባሉት ብሔራዊ ፓርኮች በር ላይ በመሰለፍ ነበር። ዛሬ ደሴ ተመልሼ ቧንቧ ውኃ ሰፈር እኖራለሁ። ክረምቱ ሲቃረብ ግን ልጆቹን ሊጠይቅ የሚሄደው ሁሉ ቡና እየጠጣን ያንኑ ጥያቄ ያነሳብኛል፦ «ያን የፓርክ ካርድ ልግዛ ወይስ 80 ዶላሬን ልያዝ?» ለእያንዳንዱ ለብቻው ከምመልስ ጥያቄያችሁን ሰብስባችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ላካችሁ። እንዳመጣጣቸው እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ካርዱ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ስሙ «አሜሪካ ዘ ቢውቲፉል» ነው። ለአገሩ ነዋሪ 80 ዶላር ያወጣል። ከ2,000 በላይ በሆኑ የፌዴራል መንግሥት ፓርኮች፣ ደኖችና መዝናኛ ቦታዎች የመግቢያውን ክፍያ ያስቀራል። የሚያስቀረው መግቢያውን ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ድንኳን መትከያ፣ አስጎብኚ፣ ሆቴል፣ ቀጠሮ ማስያዣ ሁሉ ከዚያ ውጭ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ እህቴና ባሏ ላስ ቬጋስ ይኖራሉ፤ ዜግነትም አላቸው። ከሦስት ልጆቻቸው ጋር በራሳቸው መኪና በአንድ ሳምንት ዛዮንን፣ ብራይስንና ግራንድ ካንየንን ሊያዩ ነው። ካርዱ ያዋጣቸዋል?

ያዋጣቸዋል፤ ይግዙ። ሦስቱም ፓርኮች አንድን የግል መኪና 35 ዶላር ያስከፍላሉ፤ ክፍያው ለሰባት ቀን ያገለግላል። መኪናዋ አንድ ሰው ጫነች ስድስት፣ ሒሳቡ ያው ነው። ሦስት ጊዜ 35 ስንል 105 ይሆናል። ካርዱ 80 ነው። 25 ዶላር ተረፋቸው ማለት ነው፤ ካርዱም ገና ዓመት ሙሉ በእጃቸው ይቆያል።

ከሦስቱ አንዱን ቢተዉ ግን 70 ዶላር ይሆናል፤ ያኔ ካርዱ አሥር ዶላር አከሰራቸው። ለዚህ ነው ለሁሉም ሰው «በር ቁጠሩ» የምለው። ሰው የሚቆጥረው ሊያየው የሚመኘውን ነው፤ በካርታው ላይ ስምንት ፓርክ ያከብና ሁለቱን ሳያዳርስ ይመለሳል። ከላስ ቬጋስ ዛዮን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ግራንድ ካንየን ደቡባዊው ጠርዝ ግን ከአራት ሰዓት በላይ ያስነዳል፤ ልጅ ይዞ ደግሞ አምስት በሉት። በእርግጥ የምትደርሱበት ሦስተኛ በር ካለ ግዙ። ከሌለ በየበሩ ክፈሉ።

ብራይስን ግን እንዳይዘሉት ንገሪልኝ። ፀሐይ ልትወጣ ስትል ጠርዙ ላይ ቢቆሙ፣ ከሥር እንደ ጧፍ ተሰድሮ የቆመው ቀይ ድንጋይ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች አንድ በአንድ ሲበራ ያያሉ። እንግዳ ስወስድ ሆነ ብዬ በጨለማ ነበር የማደርሰው።

ከደሴ፦ አጎቴ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ሁለት ሳምንት እቀመጣለሁ፤ ሙዚየሞቹን፣ ሐውልቶቹንና አንድ ሼናንዶዋ የሚባል ተራራ አያለሁ። እሱ ካርድ ልግዛልህ ይላል።

አይግዛ። የሊንከን መታሰቢያም ሆነ በዙሪያው ያሉት ሐውልቶች በነፃ ናቸው፤ የስሚትሶኒያን ሙዚየሞችም እንዲሁ። ሼናንዶዋ በአጎትህ መኪና 30 ዶላር ነው። ግሬት ፎልስ የሚባለውን ፏፏቴ ብትጨምሩ 20 ዶላር ትከፍላላችሁ። በድምሩ 50። የቀረውን 30 ዶላር ምሳ ጋብዝበት።

ከሐይቅ፦ እናቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ ግሪን ካርድ አላቸው። ዴንቨር ወንድሜ ዘንድ ነው የሚኖሩት። ወንድሜ ለቤተሰቡ የ80 ዶላሩን ሊገዛ ነው። ለእናቴስ ለብቻቸው ያስፈልጋቸዋል?

እህቴ፣ ከመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው፤ መልሱ ወንድምሽ ካሰበው ተቃራኒ ነውና። ወንድምሽ ምንም አይግዛ። የሚገዙት እናትሽ ናቸው።

ዕድሜው 62 የሞላው ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የአረጋውያን ካርድ ማውጣት ይችላል። የአንድ ዓመቱ 20 ዶላር ነው፤ የዕድሜ ልኩ ደግሞ 80 ዶላር። ደግሜ ልጻፈው፦ ወንድምሽ ለአንድ ዓመት በሚከፍላት 80 ዶላር እናትሽ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይገቡበታል። መግቢያ በመኪና በሚከፈልበት በር ደግሞ እርሳቸው መኪናው ውስጥ ከተቀመጡ አብሮ የተሳፈረው ቤተሰብ ሁሉ በእርሳቸው ካርድ ያልፋል። ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ በእናት ስም ገባ ማለት ነው። ያለ እናትሽ ግን ካርዱ አይሠራም፤ ወንድምሽ ካርዱን ተቀብሎ እርሳቸውን ቤት ትቶ ልሂድ ቢል በሩ ላይ ይመልሱታል። እንዲያውም ለሽርሽር ሁሉ እናትን ይዞ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ይህን ጥቅም በብር መተመን አልችልም።

ካርዱን ፓርኩ በር ላይ መግዛት ይችላሉ። ዕድሜያቸውንና ነዋሪነታቸውን የሚያሳይ መታወቂያ ይያዙ፤ ግሪን ካርዱ ቤት እንዳይቀር። ዴንቨር ካሉ መቼም ሮኪ ማውንቴን መሄዳቸው አይቀርም። የዚያ ፓርክ መንገድ በመኪና እስከ 3,713 ሜትር ይወጣል። ከእኛው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ያንሳል፤ ብርዱ ግን ያው የደጋ ብርድ ነው። ጋቢያቸውን ይደርቡ።

ከመርሳ፦ የወንድሜ ልጅ አራተኛ ክፍል ናት፤ ሲያትል ነው ያሉት። ለተማሪ ቅናሽ አለ ሲሉ ሰማሁ።

ቅናሽ ብቻ አይደለም፣ ነፃ ነው። እዚያ የሚኖር የአራተኛ ክፍል ተማሪ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኦገስት 31 የሚያገለግል የነፃ ካርድ ይሰጠዋል፤ ቤተሰቡም በአንድ መኪና አብሮት ይገባል። ዕድሉ የአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ስትገባ ያበቃል። ዘንድሮን ይጠቀሙበት። ሌሎቹ ልጆች ከ16 ዓመት በታች ከሆኑ ድሮም የመግቢያ አይከፍሉም።

ከወልድያ፦ ልጄ የቱሪስት ቪዛ አግኝቶ ለብቻው ሊሄድ ነው። መኪና ተከራይቶ ፓርኮች አያለሁ ይላል። እሱንም 80 ዶላር ነው የሚሉት?

አይደለም ጋሼ፤ ይሄ ተለውጧል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የ80 ዶላሩ ካርድ የሚሸጠው የአገሩን መታወቂያ ለሚያሳይ ነዋሪ ነው። ለውጭ አገር ጎብኚ ዓመታዊው ካርድ 250 ዶላር ሆኗል። ያን ካርድ ያልያዘ የውጭ አገር ሰው ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በ11 ፓርኮች ከመደበኛው መግቢያ ሌላ 100 ዶላር በነፍስ ወከፍ ይጨምራል። ከ11ዱ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሄድባቸው ግራንድ ካንየን፣ ዛዮን፣ ብራይስ፣ ዮሰሚቲ፣ የሎስቶንና ሮኪ ማውንቴን አሉበት።

ስለዚህ የልጅዎ ሒሳብ እንዲህ ይሆናል። ግራንድ ካንየንን ብቻ ካየ ለመኪናው 35፣ ለራሱ 100፣ በድምሩ 135 ዶላር ይከፍላል፤ ካርድ አያስፈልገውም። ዛዮንን ከጨመረ 270 ይደርሳል፤ ያኔ የ250ው ካርድ ይሻለዋል። ለነዋሪው ሦስተኛው በር ላይ የሚያዋጣው ካርድ ለእሱ ሁለተኛው በር ላይ ያዋጣል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እኔ ብሆን እሱን ነበር የምይዘው። አርችስ፣ ካንየንላንድስና ዴዝ ቫሊ ከ11ዱ ውስጥ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ለመኪና 30 ዶላር ናቸው፤ ጭማሪ የላቸውም። አንዱን ታላቅ ስም በ135 ዶላር አይቶ የቀረውን ጊዜ በእነዚህ ቢያሳልፍ ካርድ ሳይገዛ ብዙ አገር ያያል።

ከላሊበላ፣ አስጎብኚ ነኝ ያለ ወንድም፦ እንግዳን ለይቶ 100 ዶላር መጨመር ነውር አይደለም?

ወንድሜ፣ አንተ ይህን ትጠይቀኛለህ? ለገና የመጣው ምዕመን በነፃ ከሚሳለምበት ደጅ ላይ ፈረንጁን በዶላር ትኬት የምታስቆርጠው አንተ አይደለህ? ሰሜን ተራሮችም ቢሆን የአገሬው ሰውና የውጭ ዜጋ አንድ ዋጋ ከፍለው አያውቁም። ጭማሪው በዝቷል ብትለኝ እስማማለሁ፤ ልዩነቱን ግን ነውር ለማለት እኛ የመጨረሻዎቹ ነን። ለነገሩ እኛም አንድ ካርድ ቢኖረን ጥሩ ነበር። ሰሜን ተራሮች ላይ የከፈለ ሰው ባሌ ሲደርስ እንደገና ይከፍላል፣ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ሲመጣም እንደገና።

ከደሴ፣ ሌላ ጠያቂ፦ የጓደኛዬን ካርድ ብዋስስ?

አይሆንም። በሩ ላይ ያ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገው ጠባቂ ካርዱንና የፎቶ መታወቂያህን አንድ ላይ ይዞ ያስተያያል። እኔ ራሴ አፍሬ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ከደላንታ የመጡ ባልና ሚስት እንግዶች ይዤ ከባለቤቴ ጋር ዛዮን ሄድን፤ ካርዱ በባለቤቴ ስም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት እሷ ደክሟት ስፕሪንግዴል ከሆቴል ቀረች። እኔ ካርዱን ኪሴ ከትቼ እንግዶቼን ይዤ በኩራት በሩ ጋ ደረስኩ። ጠባቂዋ ካርዱን አየች፣ መንጃ ፈቃዴን አየች፣ ወደ ኋላ ወንበር አንገቷን አስግጋ አየች። «ባለካርዷስ?» አለችኝ። ተኝታለች ብል ሳቀች፤ 35 ዶላሬን ግን ተቀበለች። ደላንታዎቹ እስከ ዛሬ «ባለካርዷ ነቃች?» እያሉ ይሰድቡኛል።

በነገራችን ላይ እነዚያው ሰዎች ግራንድ ካንየን ጠርዝ ላይ ቆመው ዝም አሉ። 1.6 ኪሎ ሜትር ይጠልቃል፣ 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል እያልኩ አስረዳለሁ። በመጨረሻ ባልየው «የበሽሎ ገደል ነው እኮ፤ ማሽላው ነው የጎደለው» አለኝ።

ከኮምቦልቻ፣ ተማሪ ነኝ ያለች፦ ያ ብርሃን ከላይ የሚወርድበት ጠባብ ዋሻ፣ ገደሉ ላይ የተሠራው የመስታወት ድልድይ፣ ናያግራ ፏፏቴ፤ እነዚህስ በካርዱ ይታያሉ?

ሦስቱም አይታዩበትም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ዋሻ የመሰለሽ አንቴሎፕ ካንየን የናቫሆ ሕዝብ መሬት ነው። የመስታወቱ ድልድይ ያለበት ቦታ «ግራንድ ካንየን ዌስት» ይባላል እንጂ የብሔራዊ ፓርኩ አይደለም፤ የዋላፓይ ሕዝብ ነው። ናያግራ ደግሞ የኒው ዮርክ ግዛት ፓርክ ነው፤ መግባቱ ነፃ ሲሆን የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ ነው። የፌዴራሉ ካርድ የጎሳንም የግዛትንም በር አይከፍትም።

ግሬት ስሞኪ ማውንቴንስንም ልጨምርልሽ። ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ መግቢያ አያስከፍልም፤ ከ15 ደቂቃ በላይ መኪና ለሚያቆም ግን ከ2023 ጀምሮ የሚገዛ የማቆሚያ ወረቀት አለው፤ ለቀን 5፣ ለሳምንት 15 ዶላር። እዚያም ካርዱ አይሠራም።

ከሐይቅ፣ ያችው እህት፦ ወንድሜ እናቴን ይዞ ለመሄድ ተስማማ። የባለቤቱ ወንድም ግን ለራሱ የ80 ዶላሩን ካርድ በጁላይ መጨረሻ ልገዛ ነው ብሏል። መቼ ቢገዛ ይሻላል?

የምሥራች ነው፤ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ካርዱ የሚያበቃው በተገዛበት ወር የመጨረሻ ቀን፣ በዓመቱ ነው። ጁላይ 1 የገዛውም ጁላይ 31 የገዛውም የሚያበቃባቸው በሚቀጥለው ዓመት ጁላይ 31 ነው። ዘንድሮ በጁላይ መጀመሪያ የሚወጣ ከሆነ ያኔውኑ ይግዛ፤ የሚመጣውን ጁላይም በአንዱ ካርድ ይደርስበታል። የሚወጣው ጁላይ 30 ከሆነና ጉዞው ወደ ኦገስት የሚሻገር ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ፓርክ መግቢያ ስንት እንደሆነ አይቶ፣ ርካሽ ከሆነ እሱን ለብቻው ከፍሎ ካርዱን ኦገስት 1 ጠዋት ሁለተኛው በር ላይ ይግዛ።