ቆመው አይለኩት፣ ተንጠልጥለው ይለኩት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ዛፍ ላይ ወጥተው ቅርንጫፍ የሚመለምሉና የሚቆርጡ ሠራተኞች ስለሚታጠቁት ሃርነስ፣ ማለትም ገመድ ላይ ስለሚያንጠለጥላቸው የወገብና የጭን መታጠቂያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሁለት ሃርነሶች አንዱን እንድመርጥ ተነግሮኛል። ሱቅ ውስጥ ስለካቸው ሁለቱም ይመቻሉ። ልዩነታቸውን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ቆመው ሲለኩት የማይመች ሃርነስ የለም ማለት ይቻላል። ስፖንጁ አዲስ ነው፣ ክብደትም አላረፈበትም። ልዩነቱ የሚወጣው ሲንጠለጠሉ ነው። ስለዚህ መሞከሪያ ገመድ የሌለው ሻጭ ጋ ከሆኑ፣ ሳያቆሽሹ ሞክረው መመለስ ይቻል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ሙከራው ዝቅ ብሎ ይሁን። እግርዎ ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል ይበቃል። አጠገብዎ ሰው ይኑር። የሚለብሱት የሥራ ልብስዎን ነው፤ በተለይ ከሞተር መጋዝ የሚከላከለው ሱሪ ወፍራም ስለሆነ፣ በቀጭን ሱሪ የተለካ የጭን ማሰሪያ እሱ ላይ ሲውል ይጠብባል።

መጀመሪያ የወገብ ቀበቶውን ከዳሌ አጥንት ጫፍ በላይ አድርገው ያጥብቁ። ከዚያ በሁለት እጅ ወደ ታች ይጎትቱት። አጥንቱን አልፎ ከወረደ ሰፍቶዎታል፤ ተገልብጠው ቢንጠለጠሉ በእግርዎ በኩል ሊያመልጥ የሚችለውም እንዲህ ያለው ነው። የጭን ማሰሪያው ውስጥ የተዘረጋ መዳፍ ይገባል፣ ጭብጥ ግን አይገባም። ማስተካከያዎቹ ከሁለቱም ጫፍ ርቀው መሃል አካባቢ ሲቆሙ ልኩ የእርስዎ ነው፤ እስከ መጨረሻው ከተሳቡ ወይም ከተለቀቁ ሌላ ቁጥር ይጠይቁ። ከዘለበቱ የሚተርፈው ጫፍ በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ የወገብ ገመድ የሚያያዝባቸው የጎን ቀለበቶችም እኩል አይቆሙም፤ አንዱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ሌላው ወደ ጀርባ ይሸሻል።

አሁን ይንጠልጠሉ፤ ለእያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። እግርዎን ግን ያንቀሳቅሱ። ዝም ብሎ መንጠልጠል ደም እግር ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርጋል፣ ራስንም ሊያስት ይችላል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች እንደ ወንበር ተቀመጡበትና የሚሰማዎትን ያስተውሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብሽሽት ወይም የውስጥ ጭን ከደነዘዘ ከዚያ በላይ አይድከሙ፣ ይመልሱት። ቀጥሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጋዝ ይዘው እንደሚዘረጉ ያህል ይዘርጉ። እግርዎን ግንድ ላይ አስደግፈው ወደ ኋላ ይተኙ። ረዳትዎ ይዞዎት ይገልበጡ። ከዚያ ምሰሶ የሚዞር የወገብ ገመድ በጎን ቀለበቶቹ አያይዘው ቆመው ይደገፉ። መጨረሻ ላይ መጋዙን ከኋላ ያንጠልጥሉ፤ ነዳጅና ዘይት የተሞላ የዛፍ ላይ መጋዝ ሦስት፣ አራት ኪሎ ሊመዝን ስለሚችል፣ ባዶውን ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ቀበቶ ያን ጊዜ ወደ ኋላ ይዘነብላል። ከዘነበለ ያ ሃርነስ የትከሻ ማንጠልጠያ ይፈልጋል ማለት ነው።

ሁለቱን በአንድ ቀን ሲሞክሩ ሁለተኛው ሁልጊዜ ይጎዳል፣ ደክሞ በተቀጠቀጠ ጭን ላይ ነውና የሚፈረድበት። በማግስቱ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ይድገሙት።

ጥያቄ፦ ከፊት ያለችው አጭር ገመድ፣ ድልድይ የምትባለው፣ ምን ያህል ርዝመት ይኑራት? ሳሳጥራት ዳሌዬን ታጣብቀኛለች።

መልስ፦ ስፖንጁን ብዙ ሰው ያያል፣ ድልድዩን ጥቂት ሰው ነው የሚያየው። በእኛ አስተያየት ግን አንድን ሃርነስ ከሌላው የሚለየው በዋናነት ድልድዩና የታሰረበት ነጥብ ነው።

ድልድዩ ከአንዱ ዳሌ ወደ ሌላው ይዘረጋል፤ ዋናው ገመድ የሚያያዝበት ቀለበት ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ሰውነትዎ ወደ ቀኝ ሲዞር ቀለበቱ ይከተላል፣ ቀበቶው ግን አይጠማዘዝም። ድልድዩ ሲረዝም ወደ ጎን መዘርጋት ይቀላል፤ በአንጻሩ ዋናውን ገመድ የሚጨብጠው ቋጠሮ ወይም መሣሪያ ከእጅ ይርቃል፣ ሲወጡም እያንዳንዱ የገመድ ስበት አጭር ይሆንብዎታል። ሲያጥር መሣሪያው ይቀርባል፣ ዳሌ ግን ይጣበቃል።

መጣበቁ የማዕዘን ጉዳይ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲንጠለጠል የድልድዩ ሁለት ክንዶች መሃላቸው 60 ዲግሪ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ዳሌ ወደ ውስጥ የሚገፋው በ23 ኪሎ ያህል ነው። ድልድዩ አጥሮ ማዕዘኑ 120 ዲግሪ ሲደርስ ያው ግፊት 69 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰፋ ያለ ዳሌ ያለው ሰው የጓደኛውን የድልድይ ልክ መዋስ አያዋጣውም።

በተግባር፣ ተንጠልጥለው ሳለ ክርንዎን ሳይዘረጉ ቀለበቱን መጨበጥ ከሚችሉበት ርዝመት ይጀምሩ። ከዚያ በሦስት ሴንቲ ሜትር እየጨመሩ ይሞክሩ። ድልድዩ በቋጠሮ የሚስተካከል ከሆነ ከቋጠሮው የሚተርፈው ጫፍ መመሪያው ላይ ከተጻፈው ማነስ የለበትም።

ሌላው የሚረሳ ነገር የድልድዩ ጫፎች ከፍታ ነው። ከቀበቶው ጋር ከፍ ብለው የታሰሩ ሰውን ቀጥ ያደርጋሉ፤ ከጭን ማሰሪያው ጋር ዝቅ ብለው የታሰሩ እንደ ወንበር ያስቀምጣሉ፣ ነገር ግን ወደ ኋላ ለመገልበጥ ይቀላሉ። ቀን ሙሉ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ለሚመለምል ሁለተኛው ይሻላል፤ ግንድ ላይ ቆሞ ለሚቆራርጥ ግን የመጀመሪያው።

ጥያቄ፦ ድልድዩን መቼ ልቀይር? ከተረፈኝ ገመድ ቆርጬ ብሠራው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ችግሩ ገመዱ ምን እንዳሳለፈ ማንም ማረጋገጥ አለመቻሉ ነው። አምራቹ ለዚያው ሃርነስ ያወጣውን መለዋወጫ ይጠቀሙ።

ምርመራው የየዕለት ነው፣ አንድ ደቂቃም አይፈጅም። ጓንት አውልቀው ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት ይዳስሱት። ቀለበቱ የሚመላለስበት መሃሉ ጠፍጥፎ ከደነደነ ወይም አንጸባራቂ ከሆነ ሙቀት አቅልጦታል። ከዚያ እንደ ቀለበት አጥፈው ይዩት፤ እኩል ሳይጎብጥ አንድ ቦታ ላይ ሹል ሆኖ የሚታጠፍ ከሆነ ውስጡ ተጎድቷል። የውስጡ ክር ከታየ ያለቀለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ግን ድልድዩ በታሰረበት የብረት ቀለበት ሥር የተደበቀው ጫፉ ነው፤ አቧራና የመጋዝ ብናኝ እዚያ ገብቶ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ብረቱንም ይዳስሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው አዲስ ድልድይም ቢገባበት በሳምንታት ይጨርሰዋል።

የተወጠረ ገመድ በመጋዝ ጥርስ ለመቆረጥ ግፊት አይፈልግም፣ መነካት ብቻ ይበቃዋል። ከዛፍ ላይ በሞተር መጋዝ ሲቆርጡ በሁለት መንገድ መታሰር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ አንደኛው ዋናው ገመድ፣ ሁለተኛው ግንዱን የሚዞረው የወገብ ገመድ።

ጥያቄ፦ የተራራ መውጫ ሃርነስ አለኝ። ለዛፍ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። የተሠራው መውደቅን ለመያዝና ለአጭር ጊዜ ለመንጠልጠል ነው፤ የሚመዘነውም በአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 12277 ነው። ለዛፍ ሥራ የሚያስፈልጉት ሁለት ደረጃዎች ሌሎች ናቸው። ኢኤን 813 የሚቀመጡበትን ሃርነስ፣ ኢኤን 358 ደግሞ የጎን ቀለበት ያለውን የሥራ ቀበቶ ይመለከታል። መለያው ላይ ሁለቱንም ይፈልጉ። ኢኤን 361 የሚለውን ካዩ ደግሞ መላ ሰውነት የሚያስር፣ መውደቅን ለማቆም የተሠራ ነው።

የሚቀመጡበት ሃርነስ መውደቅን ለመያዝ አለመሠራቱ በሥራው ላይ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ገመዱ እንዲላላ አይፍቀዱ፤ ከታሰሩበት ነጥብ በላይም አይውጡ።

ጥያቄ፦ ከሥራ በኋላ ስናይ የወገብ ገመዱ የተያያዘው የዕቃ ማንጠልጠያው ላይ ነበር። ሰውየው ሁለት ሰዓት ሠርቶበታል። እንዴት እንከላከለው?

መልስ፦ ተረፈ ማለት ነው። የዕቃ ማንጠልጠያ የሚሸከመው ጥቂት ኪሎ ነው፣ ሰው አይሸከምም። ስህተቱ የሚመጣው እጅ ከጎን ሳያይ በዳሰሳ ስለሚያያይዝ ነው። ስለዚህ ሃርነስ ሲመርጡ ዓይንዎን ጨፍነው ጓንት አድርገው ቀለበቱን ይፈልጉ። ማንጠልጠያው ከጎን ቀለበቱ ጋር ተጠግቶ የሚያሳስት ከሆነ ሌላ ይዩ፤ ማንጠልጠያው ወደ ኋላ የራቀና ከብረት ቀለበቱ በቅርጽ የሚለይ ይሁን። ሥራ ላይ ደግሞ ካራቢነሩን፣ ማለትም የሚቆለፈውን የብረት ማያያዣ፣ ካያያዙ በኋላ በዓይን ይዩ፣ መቆለፉን በጣት ይሞክሩ፣ ከዚያ ዋናውን ገመድ ሳይፈቱ ክብደትዎን በወገብ ገመዱ ላይ ያሳርፉ። ዋናው ገመድ የሚላላው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መቀመጫ ያለው ይሻላል ወይስ የጭን ማሰሪያ ብቻ?

መልስ፦ መቀመጫው ክብደትን ስለሚያሰፋ ለረጅም መንጠልጠል ምቹ ነው፣ ዳሌንም አያጣብቅም። ቅርንጫፍ ላይ ሲራመዱ ግን ይጋጫል፣ ሲቆሙም ከኋላ ጭን ላይ ይወርዳል። ብዙ ለሚንቀሳቀስ ሰው የጭን ማሰሪያ ይሻላል ባዮች ነን።

ጥያቄ፦ በነጠላ ገመድ ነው የምወጣው። የተለየ ሃርነስ ልግዛ?

መልስ፦ የደረት መጨበጫ፣ ማለትም ደረት አካባቢ ሆኖ ገመዱን የሚይዝ መሣሪያ፣ የሚጠቀሙ ከሆነ አዎን፣ ከፊት መሃል ላይ ቋሚ ማያያዣ ያስፈልግዎታል። አለዚያ መጨበጫው ድልድዩ ላይ እየተንሸራተተ ይወዛወዛል፣ በየርምጃው ስበት ያባክናል። ለምሳሌ ፔትዝል የተባለው አምራች ሴኮያ የሚለው ሃርነስ በሁለት ዓይነት የሚመረተው ለዚሁ ሲሆን፣ አንዱ ለነጠላ ገመድ አወጣጥ ታስቦ የተሠራ ነው። ገመዱን አጥፈው በሚጨብጥ ቋጠሮ ብቻ የሚወጡ ከሆነ ግን ያ ማያያዣ ሸክም ነው።

ጥያቄ፦ የዛፍ ሙጫና የመጋዝ ዘይት በምን ይለቃል?

መልስ፦ ለብ ባለ፣ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባልበለጠ ውሃና በለዘብተኛ ሳሙና ይጠቡት፣ በደንብ ያለቅልቁት፣ ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ሙጫን በቤንዚን ወይም በቀለም ማቅጠኛ አያስለቅቁ። የደረቀ ሙጫ በጥፍር ይፈርፈር፣ የቀረው ይቅር፤ መልኩ ቢበላሽ አይጎዳም። የባትሪ አሲድ የነካው ሃርነስ ግን ምልክት ባይታይበትም ይጣል። መኪና ውስጥ ከባትሪና ከነዳጅ ጀሪካን ጋር አብሮ አይጫን።

ሲጣልም ስፌቶቹንና ድልድዩን ቆራርጠው ይጣሉ፤ ካልሆነ አንድ ሰው አንስቶ ይታጠቀዋል።