ናኖ ውስጥ ለምትገቡ ልጆች፦ መጀመሪያ ገጹን

ልጆቼ፣

ወደ ናኖቴክኖሎጂ፣ ማለትም እጅግ ጥቃቅን ነገሮችን ወደ መሥራት ሙያ፣ የምትገቡ ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። «በየትኛው ቁስ ላይ ብሠራ ይሻለኛል? ግራፊን? ካርቦን ናኖቱዩብ? ወይስ ኳንተም ዶት?» ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ፣ ናኖቱዩብ የካርቦን ቱቦ፣ ኳንተም ዶት ደግሞ ጥቃቅን የሴሚኮንዳክተር ቅንጣት ነው። እኔም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ እሰጣለሁ። ቁሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ገጹን፣ ማለትም የቁሱን የውጭ ፊት፣ ተማሩ።

ለምን መሰላችሁ? እስቲ እናስላው። ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኪዩብ ውሰዱ። የገጹ ስፋት ሲደመር 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይህንኑ ኪዩብ ጎናቸው 10 ናኖሜትር (1 ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ወደሆኑ ኪዩቦች ብትቆራርጡት የገጹ ስፋት 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ያው ነው፣ ቁሱም ያው ነው። ጠባዩ ግን ይለወጣል። ወርቅ የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው ብላችሁ ተምራችኋል። ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሆነ የወርቅ ቅንጣት ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ገጹ ላይ ያለ አቶም ጎረቤቱ ጥቂት ስለሆነ ለመላቀቅ ብዙም አይቸገርም።

የግራፊንን ታሪክ ሁላችሁም ሰምታችኋል። በ2004 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይም፣ ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭና ባልደረቦቻቸው ግራፋይትን በተራ የስኮች ማጣበቂያ እየላጡ የአንድ አቶም ውፍረት ላይ ደረሱ። በ2010 ሁለቱ ኖቤል ተሸለሙ። ወሬው ሁሉ ስለ ስኮቹ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከግራፊኑ ሥር ያለው ነገር ነው። የአንድ አቶም ውፍረት ያለው ነገር በብርሃን ማይክሮስኮፕ እንዴት ታየ? ግራፊኑ ባረፈበት ሲሊኮን ላይ 300 ናኖሜትር ያህል የሲሊኮን ኦክሳይድ (ሲሊኮንና ኦክስጅን የተዋሃዱበት) ንጣፍ ስለነበረ ነው። ከኦክሳይዱ ላይና ከሥሩ የሚመለሰው ብርሃን ሲደራረብ፣ ግራፊን ያረፈበት ቦታ በቀለም ትንሽ ይለያል። ንጣፉ 315 ናኖሜትር ቢሆን ኖሮ ያ ልዩነት ሊጠፋ ይችል ነበር። ግራፊኑ እዚያው ተቀምጦ ማንም አያየውም ማለት ነው። ናሙና ስትቀበሉ ከሥሩ ያለው ምንድን ነው፣ ውፍረቱስ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የማይጠይቅ ተማሪ ብዙ ወር ያባክናል።

ሌላ ምሳሌ ከትራንዚስተር፣ ቺፕ ውስጥ ካለው ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ልስጣችሁ። በጌቱ (ኤሌክትሪኩን በሚከፍተውና በሚዘጋው ክፍል) እና በሲሊኮኑ መካከል ያለው የኦክሳይድ ንጣፍ እየሳሳ ሄዶ 1.2 ናኖሜትር ደረሰ። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሮኖቹ ሰንጥቀውት እያለፉ ኃይል ያባክኑ ጀመር። ኢንቴል በ2007 በ45 ናኖሜትር ትውልዱ ሃፍኒየም ያለበት ንጣፍ ይዞ መጣ። ወፈር ያለ ነው፣ ግን ሥራውን እንደ ስስ ኦክሳይድ ይሠራል። ሃፍኒየም ኦክሳይድ በራሱ አዲስ ግኝት አልነበረም። አስቸጋሪው ከጎረቤቶቹ ጋር ማስማማቱ ነበር። ከላዩ የነበረው ፖሊሲሊኮን (ጌቱ የተሠራበት ሲሊኮን) አልስማማ ስላለ የጌቱም ቁስ በብረት መቀየር ነበረበት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ማስታወቂያ ላይ «3 ናኖሜትር ቺፕ» ተብሎ የምታዩት ቁጥር የትውልድ ስም ነው እንጂ በማስመሪያ የተለካ ነገር አይደለም። እዚያ ቺፕ ላይ ከአንዱ ጌት እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ከ40 ናኖሜትር በላይ ነው። በቁጥሩ አትደናገጡ፣ አትኩራሩበትም።

ትልልቆቹ የቺፕ ፋብሪካዎች ጥለቱን 13.5 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ብርሃን ያትማሉ። ብርሃኑ የሚገኘው የቀለጠ ቲን ጠብታን በሌዘር በመምታት ነው። ማሽኑ አብዛኞቻችን የምንደርስበት አይደለም። ይሁን። በ1995 ስቲቨን ቹ (Stephen Chou) እና ባልደረቦቹ ጥለቱን በቅርጽ ማተሚያ ፖሊመር ላይ ተጭነው ከ25 ናኖሜትር ያነሱ ቅርጾች አወጡ። እንደ ማኅተም በሉት። ናኖኢምፕሪንት ይባላል። ውሃ የማይዝ ገጽ፣ ብርሃን የማያንጸባርቅ ገጽ፣ ብዙ ነገር በዚህ ይሠራል። በትንሽ ላብራቶሪም ይቻላል።

ችግሩ አቧራ ነው። በማተሚያውና በዋፈሩ (ጥለቱ በሚታተምበት ስስ የሲሊኮን ሳህን) መካከል አንዲት ቅንጣት ከገባች የሚበላሸው እሷ ያረፈችበት ነጥብ ብቻ አይደለም። ማተሚያው በዙሪያዋ ስለሚጎብጥ ከእሷ ብዙ እጥፍ የሚሰፋ ቦታ ሳይታተም ይቀራል። ስለዚህ ዋፈር ማጠብን የጀማሪ ሥራ ነው ብላችሁ አትናቁ። እኔ አዲስ ሰው ስቀበል መጀመሪያ የማየው እጥበቱን ነው።

ከማጠብ የሚብሰው ደግሞ ማድረቅ ነው። ቀጭንና ረጅም መስመሮች ጎን ለጎን ቆመው በመካከላቸው ያለው ውሃ ሲተን፣ የውሃው የገጽ ውጥረት እርስ በርስ ይስባቸዋል። ተጣብቀው ይቀራሉ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታዩት የወደቀ አጥር ይመስላል፤ ብዙዎች ያኔ ሬዚስቱን (ጥለቱ የሚወጣበትን፣ ለብርሃን ስሱ የሆነ ሽፋን) ወይም የብርሃኑን መጠን መወንጀል ይጀምራሉ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ጥፋቱ የመጣው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው። የገጽ ውጥረቱ ዝቅ ባለ ፈሳሽ፣ ለምሳሌ በአይሶፕሮፓኖል፣ አለቅልቁት። ካልበቃ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ31 ዲግሪና ከ73 አትሞስፌር በላይ የሚያደርስ ማድረቂያ አለ። እዚያ ላይ በፈሳሽና በጋዝ መካከል ድንበር ስለሌለ የሚስብ ነገር የለም።

የመጨረሻው ጉዳይ ቀልድ አይወድም። ሲሊኮን አየር ላይ ሲቆይ ስስ ኦክሳይድ ያበቅላል። እሱን የምናነሳው በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። ቀጠን ያለው ሲነካችሁ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፣ አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው። በቆዳ ሰርጎ ገብቶ የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል፤ ልብን እስከማቆም ይደርሳል። ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት የአሲዱ ማርከሻ የሆነው የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል የት እንዳለ በዓይናችሁ እዩ። ጊዜው አላለፈበትም? አጠገባችሁ ሌላ ሰው አለ? ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ፣ አለቃችሁ ቢቆጣም፣ በዚያ ቀን ጠርሙሱ አይከፈትም።