ዕፅዋት እያለ ናይትሬቱ ለምን አይወርድም?

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ሆነህ «አኳሪየሜ (የዓሣ ገንዳዬ) በዕፅዋት ተሞልቶ ናይትሬቱ ከ80 ሚሊግራም በሊትር አልወርድ አለ» ብለሃል። ናይትሬት ማለት ከዓሦቹ ኩስና ከተረፈ ምግብ መበስበስ በውሃው ውስጥ የሚጠራቀም፣ ዕፅዋትም የሚመገቡት ነገር ነው። መጀመሪያ የምትጨምረውን ውሃ ራሱን ለካው። የጉድጓድ ከሆነ ከማዳበሪያና ከእበት የሰረገ ናይትሬት ሊኖረው ይችላል። ያኔ ስትቀይር ብትውል ለውጥ የለም፤ በንጹህ ዕቃ ያጠራቀምከውን የዝናብ ውሃ ቀላቅልበት።

ውሃው ደህና ከሆነ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሩቡን ቀይር። 80 የነበረው 60፣ ከዚያ 45 እያለ በአምስተኛው 20 ገደማ ይደርሳል። በአንዴ ካወረድከው ዓሦቹ ይጎዳሉ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን አስወግድለት። ደግሞ ለብ አድርገው እንጂ! የእኛ አገር የጥቅምት ውርጭ ያደረበት ውሃ እንኳን ዓሣ ሰውም አይችለው።

ብርዱ ሌላም ጣጣ አለው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ዕፅዋቱ እድገታቸው ይዘገያል፣ ናይትሬቱንም እንደ ልብ አይመጥጡትም። ማሞቂያውን 24 ዲግሪ ላይ አድርገው። የበሰበሰውን ቅጠል ልቀም፣ ከጠጠሩ ሥር ያለውን ቆሻሻ በቱቦ ምጠጥ።

ምግቡንስ ምን ያህል ትሰጣለህ? እኔ ራሴ የተቀጣሁት በእሱ ነው፤ በቀን ሦስቴ ምግብ እበትንላቸው ነበር። አሁን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ። ዜሮ ለማድረስ ግን አትድከም፤ ዕፅዋቱም ከ10 እስከ 20 ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል።